የእንግዳ ዋይፋይ አዋጅ ቁጥር 12345678

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ማኪያቶ አዘህ የተቀመጥህ፣ ሳታዝዝ የተቀመጥህ፣ ከውጭ አጥር ተደግፈህ ፊልም የምታወርድ፣ ሁልህም ስማ!

የካፌያችን ዋይፋይ እስከ ዛሬ አንድ ብቻ በመሆኑ፣ የካሸሯ ኮምፒውተር፣ የጥበቃ ካሜራው፣ የኩሽናው ማተሚያና የጎረቤት ጸጉር ቤት ደንበኞች ከአንድ ገበታ ሲቆርሱ የኖሩ ስለሆነ፤

አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ከላፕቶፑ አትማለሁ ሲል ትእዛዙ ኩሽና ደርሶ፣ በደረሰኝ ጥቅልል ላይ ሁለት ክንድ ያህል ወጥቶ፣ ወጥ ቤታችን እትዬ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ይሄ ‹የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት› የሚሉት የጾም ነው የፍስክ? ለስንት ሰውስ ነው?» ብለው ስለ ጠየቁ፤

እንግዳ ማክበር ወጋችን ቢሆንም፣ እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ ገብቶ ሙዳይ ስለማይከፍት፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ስለ መለየት
አዋጁ ከጸናበት ሰዓት ጀምሮ ራውተሩ ሁለት ስም ያሰማል። አንዱ የቤቱ ነው፤ ፓስወርዱን ካሸሯና ሥራ አስኪያጁ ብቻ ያውቁታል። ሌላው የእንግዳ ነው፤ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አያይም። እንግዶች እርስ በርስም አይተያዩም፤ ጠረጴዛ 4 የጠረጴዛ 7ን ላፕቶፕ የሚጎበኝበት ምክንያት አልታየንም።

ሁለተኛ ስም ማውጣት ብቻውን ግን መለየት አይደለም። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ በየወሩ ስልኩን ከእንግዳው ዋይፋይ አገናኝቶ የራውተሩን ማስተካከያ ገጽና የኩሽናውን ማተሚያ ይፈልግ። ካገኛቸው አዋጁ ተጥሷል፤ ተከሳሹም ራሱ ሥራ አስኪያጁ ነው።

አንቀጽ 2፦ ስለ ፓስወርድ
12345678 ተሽሯል። መጀመሪያም የተመረጠው ራውተሩ «ከ8 ፊደል በታች አልቀበልም» ስላለ፣ እስከዚያው ተቆጥሮ ነው። ለረጅም ዘመን አገልግሎቱም የዚህ አዋጅ ቁጥር ሆኖ ጡረታ ወጥቷል። አዲሱ ፓስወርድ በየሰኞው እየተቀየረ በደረሰኝ ግርጌ ይታተማል። ግድግዳ ላይ በማርከር መጻፍ ክልክል ነው፤ ከጸጉር ቤቱ ወንበር ሆኖ በመስታወት ሲነበብ ነበርና።

አንቀጽ 3፦ ስለ ምስጠራ
ደብልዩኢፒ የተባለው የዋይፋይ ምስጠራ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሰበሩ ለዓለም ሁሉ ታውቋል፤ አሮጌው ራውተራችን ግን አሁንም በምርጫ ዝርዝሩ ላይ ያቀርበዋል። የሚነካው ወዮለት! በ2018 እ.ኤ.አ. የመጣው ደብልዩፒኤ3 ካለ እሱ ይመረጥ፣ ከሌለ ደብልዩፒኤ2። ለእንግዳ ዋይፋይ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በደብልዩፒኤ2 ፓስወርዱ በሁሉም እጅ ስለሆነ፣ ስልክህ ሲገናኝ አድፍጦ የሚያደምጥ የአጠገብህ ሰው ምስጠራውን ሊፈታው ይችላል። በደብልዩፒኤ3 ፓስወርዱን ማወቁ ብቻ ለዚያ አይበቃውም።

አንቀጽ 4፦ ስለ ልክ
የእንግዳው መስመር የፍጥነት ጣሪያ ይበጅለታል። አንድ ማኪያቶ ሙሉ ተከታታይ ድራማ የማውረድ መብት አያሰጥም፤ ሁለት ማኪያቶም አያሰጥም። (ምሳ ያዘዘ በቃል ሊያመለክት ይችላል።) ለመግባት ስምና ስልክ ቁጥር አንጠይቅም። እውነተኛው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አዋጅ ከአዋጅ አናጋጭም።

አንቀጽ 5፦ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ፣ ራውተሩን የተከለው የባለቤቱ የእህት ልጅ ስልኩን አንስቶ የማስተካከያውን ፓስወርድ ከነገረን ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። እስከ እሁድ ካላነሳ፣ ከራውተሩ ጀርባ ያለችው ቀዳዳ በመርፌ ተወግታ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል፤ የዚያን ዕለት ካሸሯ ሂሳብ በእጇ ትጽፋለች፤ እትዬም ትእዛዝ በጆሯቸው ይቀበላሉ።

ሥራ አስኪያጁ
(ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል)