ጥብቅ ምስጢር፦ ውሃ መቼ ይለቀቃል?

መንግሥታችን ምስጢር መጠበቅ አይችልም የሚል ሰው ካለ ቀብሪበያ ይምጣ። ከጅግጅጋ በደገሃቡር መንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃ ቢሮው ጎራ ብሎም ከጀረር ሸለቆ በቱቦ የሚመጣው ውሃ ለየትኛው ሰፈር፣ በየትኛው ቀን እንደሚለቀቅ ይጠይቅ። «ለምን ፈለግከው?» ይባላል። ቀጥሎ መታወቂያ፤ ቀጥሎ የድጋፍ ደብዳቤ። ደብዳቤውን የሚጽፈው ቢሮም «ለምን ፈለግከው?» ይላል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።

በዚህ የሚያማርር ሰው የአገር ደኅንነት አልገባውም። ጠላት የጀሪካን ሰልፋችንን ቢደርስበት ጉዳችን ነው!

እርግጥ በቢሮው በር ላይ ሻሂ የምታፈላው እናት ቀኑንም ሰዓቱንም ታውቃለች። ባጃጅ ነጂውም፣ በአህያ ጋሪ ውሃ የሚያመላልሰው ልጅም ያውቃሉ። ማኅተም ስለሌላቸው ግን ያወቁት እንዳላወቁ ይቆጠራል።

አሜሪካ እዚህ ላይ ከእኛ ብትማር ይበጃት ነበር። ዕዳና ዘመድ አዝማድ ሳይቀር መርምራ ከሚሊዮን ለሚበልጡ ሰዎች የከፍተኛ ምስጢር ፈቃድ ሰጠች፤ በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ የ21 ዓመት ወታደር ምስጢራዊ ሰነዶችን በኢንተርኔት ለጌም ጓደኞቹ ዘረገፋቸው። እኛ ፈቃድ ለማንም አንሰጥም። አንዳንዴ ለኃላፊው ራሱም አይነገረውም፤ ያልሰማውን ከየት አምጥቶ ያወጣል?

ሕጉማ አለ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ ነው። ለውሃ ተረኛ 30 ቀን! መልሱ እስኪመጣ ውሃው መጥቶ ሄዷል፤ ተጠማሁ የሚለውም ለእንባ ጠባቂ ማመልከት ይችላል፤ እንባ የቀረው እንደሆነ።

የታወቀን ነገር እንደ ምስጢር የመያዝ ልማዱ ግን የዛሬ አይደለም፤ ሁልጊዜም አያስቅም። ጄል ኦጋዴን የሚባለው እስር ቤት ጅግጅጋ ከተማ ውስጥ ነበር። በዚያ ሰው እንደሚሰቃይ ያልሰማ አልነበረም፤ ጮክ ብሎ የሚናገር ነው የጠፋው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. ዘርዝሮ ጻፈው፤ እስር ቤቱ በዚያው ዓመት ተዘጋ። አገር ያወቀውን ለመስማት ሪፖርት መጠበቅ ነበረብን።

ስለ ውሃው አንድ ሐሳብ አለኝ፦ የውሃውን የጊዜ ሰሌዳ በቢሮው በር ላይ መለጠፍ። ለመለጠፍ የበላይ አካል ፈቃድ ያስፈልጋል መባሉ አይቀርም። የበላይ አካል ማን ነው ብሎ ለሚጠይቅም መልሱ ተዘጋጅቷል፦ «ለምን ፈለግከው?»