ባዶ ቦታ ሊማሊሞን በሚወርዱ ኢሜይሎች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፦ መነሻ ጥናት

ይህ ጥናት የሚመለከተው ራፐር የሚባለውን አጭር የሼል (የትእዛዝ ተርጓሚ ፕሮግራም) ስክሪፕት ነው። ራፐር በኢሜይል ሰርቨር ላይ በላኪው ፕሮግራምና ደብዳቤ በሚያደርሰው በሴንድሜይል መካከል ቆሞ የመጣውን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ የድሮ አጋፋሪ መሆኑ ነው። ልዩነቱ፣ አጋፋሪ ባለጉዳዩን ሳይቆራርጥ ማስገባቱ ነው።

ደባርቅ ያለ አንድ ጸሐፊ ከሊማሊሞ ሥር፣ ድብ ባሕር ላለ ባልደረባው ኢሜይል ላከ እንበል። ርዕሱ «ውቤ ኃይለ ማርያም» ነው፤ የስሜኑ ደጃዝማች ለአገሩ ሰው ማብራሪያ አያሻቸውም። ራፐሩ ውስጥ ርዕሱ በትእምርተ ጥቅስ ስላልታጠረ፣ ሼሉ ባዶ ቦታ ባየ ቁጥር ይቆርጠዋል። ርዕሱ «ውቤ» ብቻ ሆኖ ይቀራል። «ኃይለ» እና «ማርያም» ተጨማሪ ተቀባዮች ሆነው ይመዘገባሉ፤ ሰርቨሩም ደብዳቤውን ሊያደርስላቸው ይፈልጋቸዋል። ካሳ (በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ) እንኳ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማቹን ድል ሲያደርጉ የተሸናፊውን ስም ለሦስት አልከፈሉም።

ምርመራው በሙያው ዘንድ የታወቀ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ «ኔትወርክ የለም» ይባላል። ቀጥሎ ሰርቨሩ ይጠፋና ይበራል። ከዚያ ባለሙያው «ሙከራ» የሚል ርዕስ ሰጥቶ ይልካል፤ ይደርሳል። ባለ አንድ ቃል ርዕስ ምንጊዜም ይደርሳልና ችግሩ መፈታቱ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። የስህተት መልእክቶቹ ማንም በማይከፍተው የሩት (የሰርቨሩ አስተዳዳሪ) የመልእክት ሳጥን መከማቸታቸውን ይቀጥላሉ። ስክሪፕቱን በባሽ «-x» አማራጭ ማስኬድ እያንዳንዱን ትእዛዝ ከነአቆራረጡ ያሳይ ነበር፤ ለዚህ ግን ራፐር መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል፣ የጻፈው ሰው ደግሞ ተዛውሯል።

ጥናቱ እንደደረሰበት ጥፋቱ የሼል አይደለም። የስቲቨን ቦርን ሼል እ.ኤ.አ. በ1979 ከዩኒክስ 7ኛ እትም ጋር ሲወጣ ቃልን ከቃል የሚለየው በባዶ ቦታ፣ በታብና በአዲስ መስመር ነበር። አባቶቻችን በብራና ላይ ይለዩ የነበረው በሁለት ነጥብ ነው። «ውቤ፡ኃይለ፡ማርያም» ለሼል አንድ ቃል ነው፤ ሳይቆረጥ ሊማሊሞን ይወርዳል። ዩኒኮድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲያስገባ ሁለት ነጥብን አብሮ አስገብቷል። የተውነው እኛ ነን።

ስለዚህ ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሁሉ በሁለት ነጥብ እንዲጻፍ መደንገግ፤ ሁለተኛው፣ ራፐሩ ውስጥ ከርዕሱ ግራና ቀኝ ትእምርተ ጥቅስ ማስገባት። ሁለተኛው በጀትም፣ ሥልጠናም፣ አበልም የለውም። አንደኛውን የሚያጠና ኮሚቴ በአስቸኳይ እንዲቋቋም እናሳስባለን።