ሰበብ የማትሰጥ መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የያዘ ሰው ነዳጅ ያስፈልገዋል፤ «ነዳጅ የለኝም» የሚል ሰበብም ያስፈልገዋል። እንደ እኔ እንደ እኔ ሁለተኛው ይበልጣል። በነዳጁ ሥራ ይኬድበታል፤ በሰበቡ ግን ስንት የሩቅ ዘመድ ሰርግ፣ ስንት ቤት መቀየር፣ ስንት «ነገ ሌሊት ቦሌ ሰው ታደርስልኛለህ» ይታለፍበታል።

የድሮዋ ዲኤክሴ በዚህ በኩል ወደር አልነበራትም። ካርቡሬተሯ ይዘጋል፣ ራዲያተሯ ያፈላል፣ ፍሪሲዮኗ ይንሸራተታል፤ ባይሆንባት እንኳ ሆነባት ብል የሚጠራጠረኝ አልነበረም። አንድ ጊዜ የሚስቴ አጎት ዕቃ ሊያስጭኑኝ መጥተው፣ ገና ኮፈኗን ስከፍት «ተወው፣ ተወው፣ ታክሲ እይዛለሁ» ብለው ሄደዋል። ኮፈኑን የከፈትኩት ውሃ ልጨምር ነበር።

ያቺን መኪና ሸጥኳት። የገዛት ልጅ እኔ ከዓመታት በፊት ካወጣሁባት የበለጠ ከፍሎኛል፤ መኪና እያረጀ የሚወደድበት አገር ነው ያለነው። በእሷ ዋጋ ላይ ዕቁብ ጨምሬ፣ ትንሽም ተበድሬ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ለአየር ንብረቱ ተቆርቁሬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ነገሩ ግን ቀረጡ ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጎ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ አስቀርቶለት ነበር። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ሲናገሩ፣ ምርጫው ለእኔም ቀለለልኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በኩራት አሳለፍኩ። ቤንዚን ሊትሩ 100 ብርን ተሻግሯል፤ እሱም ሲጠፋ ወረፋው ከማደያው ወጥቶ አደባባይ ይዞራል። እኔ ከጎኑ እየተንሸራተትኩ አልፋለሁ። ማደያ ጋ ስደርስ ፍጥነት እቀንስ ነበር። ለጥንቃቄ አይደለም።

ኩራቱ ያለቀው ወሬው ዘመድ ጋ ሲደርስ ነው። የደረሰውም «መኪና ገዛ» ተብሎ ሳይሆን «በመብራት የሚሄድ መኪና ገዛ» ተብሎ ነው። በመብራት የሚሄድ ማለት በዘመዶቼ ሒሳብ በነጻ የሚሄድ ማለት ነው። ድሮ ሰው ሳደርስ «እንካ፣ ለነዳጅ» ብሎ ኪሴ ውስጥ ብር የሚሸጉጥ አይጠፋም ነበር። እኔ «ኧረ በማርያም!» እላለሁ፣ እሱ «በሞቴ!» ይላል፣ ትንሽ ተጓትተን እቀበላለሁ። «ለመብራት» ብሎ ብር የሚሸጉጥ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። «ይባርክህ» ይባልና በሩ ይዘጋል። እሱም በኃይል፤ የዲኤክስ በር የለመደ እጅ ነው።

መብራት በነጻ እንዳልሆነ የምናውቀው እኔና ሚስቴ ነን። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መኪናዋ ደግሞ ምድር ላይ ታድራለች። ኤሌክትሪሺያኑ ወፍራም ገመድ ለብቻው ስቦ፣ ብሬከር ገጥሞ፣ በበረንዳ በኩል አወረደልን። ማታ ማታ ገመዱን ቁልቁል ስለቀው የሰፈር ልጆች ከታች ሆነው «መጣ! መጣ!» ይላሉ። የሕንጻው ኮሚቴም ተሰብስቦበታል። አንዱ ወገን ገመዱ ለሕጻናት አደጋ ነው አለ፤ ሌላው ወገን የደረጃውን መብራት እየጠባብን ነው አለ። ቆጣሪው የራሴ፣ ካርዱን የምሞላውም እኔ መሆኔን አስረዳሁ፤ ሆኖም ያን ሰሞን የደረጃው አምፖል በተቃጠለ ቁጥር ሰው የሚያየው ወደ እኔ በር ነበር።

ከሁሉ የከበደው ግን ምጣዱ ነው። መኪናዋ ከቤት ስትሞላ 3 ኪሎዋት ገደማ ትስባለች፤ የኤሌክትሪክ ምጣድም ከዚያ አያንስም። ሁለቱ አብረው ከተሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል። ስለዚህ እንጀራ በሚጋገርበት ማታ መኪና አይሞላም። ሚስቴ ሊጥ ስታቦካ እኔ የሳምንቱን መንገድ አሰላለሁ፤ ሊጡ ከደረሰ ሩቅ አልሄድም። መሥሪያ ቤት ይህን ሳወራ ማንም አላመነኝም ነበር። አንድ ቀን አለቃችን «የነገው ስብሰባ ለገጣፎ ነው» ሲሉ፣ እዚያው ቤት ደውዬ «ዛሬ ማታ ሊጥ አለን እንዴ?» ብዬ ስጠይቅ ሰሙኝ። ታሪፉም ቢሆን ከ2017 መጀመሪያ አንስቶ በየሦስት ወሩ ከፍ ይላል። እንዲያም ሆኖ ከቤንዚኑ ጋር አይወዳደርም። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ዘመድ ባለበት አልናገርም።

«ነዳጅ የለኝም» ሲሞት «ቻርጅ የለኝም» ይወርሰዋል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። አልወረሰም። የዲኤክሴ ነዳጅ መለኪያ ከሞተ ዘመን አልፎት ነበር፤ ስንት እንደቀራት የምናውቀው እኔና እግዚአብሔር ነበርን። አዲሷ ግን መሪው አጠገብ ትልቅ ስክሪን ተክላ፣ ያላትን ፐርሰንት ከኋላ ወንበር ያለ መነጽር በሚነበብ ቁጥር ጽፋ ትዞራለች። «ቻርጅ ጨርሻለሁ» ብዬ ሳልጨርስ በመስኮት አንገቱን ያስገባው ሰው «64 ይላል እኮ!» ይለኛል። 64 ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ስልክ የሌለው ማን አለ? ስልኩን በ3 ፐርሰንት ቀኑን ሙሉ ይዞ የሚዞር ሰው፣ በ64 ሳሪስ አይደረስም ብለው እንዴት ይመነኝ?

መብራት ጠፍቶ አደረ ማለትም አያዋጣም። እውነት ጠፍቶ ቢያድር እንኳ ሰፈሩ በሙሉ ምስክር ነው። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መጥቷል፤ ፍሪጁ ሲነሳ ነው የባነንኩት» የምትል ጎረቤት አለችን። በዚያ ላይ በከተማው የቻርጅ ጣቢያ እየተከፈተ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም ሳይቀር ጣቢያ ተክሎ በቴሌብር ያስከፍላል። ዘመዶቼ ይህን ከእኔ በፊት ሰምተዋል።

የሚስቴ አጎት ደግሞ፣ እኚያው ዲኤክሴን ሸሽተው ታክሲ የያዙት፣ ሕጋዊ መሠረት አግኝተዋል። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 በተመረቀ ማግስት ደወሉልኝ።

«5,150 ሜጋዋት» አሉ፣ ሰላምታም ሳይሰጡ።

«አዎ ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት።»

«ለቦንድ ስንት ዓመት ከደሞዜ እንደተቆረጠ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እንግዲህ መኪናህ ውስጥ የሚሮጠው አባይ ነው፤ እኔም ባለድርሻ ነኝ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሳሪስ ና።»

ሄድኩ። ምን ይባላል? ገብተው ሲቀመጡ መኪናዋ በቻይንኛ ተናገረች። ለቻይና ገበያ ተሠርታ የመጣች ናት፤ ቋንቋ የሚቀይሩ ልጆች የስክሪኑን ጽሑፍ በከፊል እንግሊዝኛ ቢያደርጉልኝም አንደበቷን አልቻሉትም። ቀበቶ እሰሩ ማለቷ ነው። ጋሼ ግን ጎንበስ ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ እንዴት ናችሁ?» አሏት። ደገመች። እሳቸውም ደገሙ። ቀበቶውን ሳስርላቸው ዝም አለች። «ጨዋ ናት» አሉኝ።

ድምጽ አልባነቷ ቢያንስ ከሰፈር ሾልኮ ለመውጣት ይበጀኛል ብዬ ነበር። ዲኤክሴ ስትነሳ ማርሚታዋ ሦስት ሕንጻ ይቀሰቅስ ነበርና። ነገር ግን የአዲስ አበባ እግረኛ መኪናን በጆሮው ነው የሚያየው፤ ካልሰማ ከመሐል መንገድ አይወጣም። ክላክስ ባደርግ ይደነግጣል፣ ባላደርግ ከኋላው እየተንፏቀቅኩ እከተለዋለሁ። ስለዚህ መስኮት አውርጄ «እናቴ፣ ይቅርታ» ማለት ለምጃለሁ። ዞር ይሉና ያዩኛል፣ መኪናዋን ያያሉ፣ ባዶውን የኋላ ወንበር ያያሉ። «ወዴት ነህ ልጄ?»

«ጋራዥ ገብታለች» የሚባለውም ቀረ። ጎማ ላሳይ መካኒኬ ጋ ስሄድ ኮፈኑን ከፈተ፣ ትንሽ አየ፣ ዘጋ። ካንዴላ የለ፣ ቺንጋ የለ፣ የሞተር ዘይት የለ፣ ፊልትሮ የለ። «እኛስ ምን እንብላ?» አለኝ። ጎማ አልኩት። ባትሪው ከባድ ነው፣ ጉልበቷም ከቆመችበት ስለሚመጣ የኤሌክትሪክ መኪና ጎማ ቶሎ ያልቃል። ትንሽ ተጽናና።

የቀረኝ ተስፋ «ሩቅ አይሄድም» የሚለው ነበር፤ ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለሆነ እኔ መጨመር አይጠበቅብኝም። እሱን ያበላሸችብኝ አዳማ ናት። ለለቅሶ አምስት ሆነን ወጣን። የፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ነው፤ አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ስትሄድ መንገዱ ራሱ ይገፋሃል። ስንደርስ ከግማሽ በላይ ተርፎን ነበር። ከድንኳኑ እየወጣ ስክሪኑን አይቶ ያልመሰከረ የለም።

መመለሱን ግን ማን አየልኝ? አቀበቱ፣ የፊት ነፋሱ፣ አምስት ሰው፣ ከኋላ የተጫነ ሽንኩርትና ቲማቲም። ዱከምን ስናልፍ ወሬ ቆመ። 21 ይላል። አየር ማቀዝቀዣውን አጠፋሁ። 19። አክስቴ በሹክሹክታ አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። 16 ላይ ከኋላ አንዱ «ሽንኩርቱን እናውርደው?» አለ። ቃሊቲ ስንገባ 11 ነበር፤ ሁሉም አብሮ ተነፈሰ። በማግስቱ የተወራው ግን «አዳማ አድርሶ መለሰን» ብቻ ነው።

አማቴ በየወሩ በ16 እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ይሄዳሉ። በዲኤክስ ዘመን ያ አቀበት ራሱ ይገላግለኝ ነበር፤ ከሽሮ ሜዳ ብዙም ሳንርቅ ራዲያተሩ ይፈላና እሳቸው «እኔ በእግሬ እወጣለሁ፣ አንተ ተመለስ» ይላሉ። አዲሷ ግን ያለ አንዳች ማንገራገር ወጣች። ቁጥሩ እየወረደ ነበር፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልዩ ስለነበር አላዩም። ስንመለስ ጸበል የሞላውን ቢጫ ጀሪካን ታቅፈው ከጎኔ ተቀመጡ።

በቁልቁለት ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ጄኔሬተር ይሆናል፤ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ሞተሩ መኪናዋን እየያዘ ኮረንቲውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ዲኤክሴ በዚያ ቁልቁለት የምታመርተው የፍሬን ሽታ ብቻ ነበር። 48 ይል የነበረው ስክሪን 49 አለ። አማቴ አዩት። 50 አለ።

«ልጄ» አሉኝ።

«አቤት እማማ።»

«የሚሞላው ማነው?»

ገመድ እንዳልተሰካ ለማረጋገጥ ዞረው ወደ ኋላ ተመለከቱ። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ 51 አለ፤ ጀሪካኑን ስመው እልል አሉ። የሐበሻ ልብስ የሚሸጡት ሁሉ ከየሱቃቸው ወጥተው አዩን።

ነገሩ ለማኅበራቸው ተነገረ። እኔም ቤት መጥተው ሲደግሙት፣ ጸበሉን ሳልነካ በሳይንስ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ክብደት ነው እማማ። መኪናዋ ስትወርድ ክብደቷ ነው ኮረንቲ የሚሆነው።»

በጥሞና አዳመጡኝ። «ክብደቱ ነው የሚሞላው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ሰው ሲጨመር ይበልጥ ይሞላል ማለት ነው?»

ቁልቁለቱ ላይ አዎ፣ አቀበቱ ላይ ግን ልል አፌን ስከፍት ስልካቸውን አንስተው ነበር። ለመጪው 16፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከእሳቸው ሌላ ሦስት የማኅበሩ እናቶች ከነጀሪካናቸው ይጠብቁኛል። የመረጧቸው ራሳቸው ናቸው፤ ሦስቱም ደልደል ያሉ ናቸው።