125 ከመቶ ባል

አሜሪካ ውስጥ ድሃ ማን እንደሆነ አያከራክርም። መንግሥት በየዓመቱ ጥር ላይ በዶላር ተምኖ ያወጣዋል። በ2024 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ) ሁለት ሰው ያለበት ቤተሰብ በዓመት ከ20,440 ዶላር በታች ካገኘ ድሃ ነው፤ አለቀ። አላስካና ሃዋይ ኑሮ ውድ ነው ተብሎ ለብቻቸው ከፍ ተደርጎላቸዋል። እኔ የምኖርባት ቨርጂኒያ ግን የቤት ኪራይዋ ሰማይ ቢነካም ከሌላው እኩል ናት።

ሚስቱን ከአዲስ አበባ ሊያመጣ ያሰበ ሰው ታዲያ ድሃ አለመሆኑ ብቻ አይበቃውም። የድህነቱን 125 ከመቶ ማግኘት አለበት፤ ሲሰላ 25,550 ዶላር። ወታደር ቢሆን ለሚስቱ መቶ ከመቶው ይበቃው ነበር። እኔ ግን ወታደር ሳልሆን የኡበር ሹፌር ነኝ።

ቁጥሩን ስሰማ ሳቄ ነው የመጣው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ ሬገን ኤርፖርት የሚሰለፍ ሰው 25,550 ዶላር ያቅተዋል? በ2023 በስሜ የተመዘገበው ገቢ 61,000 ዶላር ነው። እንዲያውም በሆዴ «ለሁለት ሚስት ይበቃል» ብያለሁ፤ ይቅር ይበለኝ።

ታክስ የሚሠራልኝ ያገሬ ልጅ ቢሮው ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ነው። «61,000ውን እርሳው፤ እነሱ የሚያዩት ከወጪ በኋላ የተረፈህን ነው» አለና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ኩባንያው ቀድሞ የቆረጠው 14,000 ወጣ። ከዚያ ማይሌጅ መጣ። በዚያ ዓመት ለሥራ የተነዳ እያንዳንዱ ማይል 65 ሳንቲም ተኩል ከገቢ ያስቀንሳል። እኔ 40,000 ማይል ነድቻለሁ፤ 26,200 ዶላር። ስልክ፣ ፓርኪንግና የመንገድ ክፍያ ተደምሮ ደግሞ 1,400። ግርጌው ላይ የቀረው 19,400 ይላል።

«እንዴ! ይሄ የኔ ነው?»

«መጋቢት ላይ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ‹እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ› ብለህ የመረቅከኝ ቁጥር እኮ ነው።»

እውነቱን ነው። አንድም ውሸት የለበትም፤ ሕጉ ቀንሱ ያለውን ቀነስን። የኛ ሰው፣ ታክሲ የሚነዳውም ሱቅ ያለውም፣ የታክስ ሰሞን ጸሎቱ አንድ ነው፤ ጌታ ሆይ፣ በወረቀት አደኽየኝ። የኔ ጸሎት ተሰምቷል።

ሚስቴ ይህን ስነግራት ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም አለች። «ቆይ፣ አሜሪካ ተቀምጠህ ድሃ ነህ ማለት ነው?»

«በወረቀት።»

«በየወሩ የምትልክልኝስ?»

«እሱ አይቆጠርም።»

«እንግዲያውስ እኔ ላንተ ስፖንሰር ልሁንሃ!»

አዲስ አበባ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ቁጥር ከኔ ይልቅ ይገባታል። ስለዚህም ነው «ገቢ ካነሰ ንብረት አይታይም ወይ?» ብላ የጠየቀችው እሷ የሆነችው። ይታያል። ሲትዝን ሚስቱን ሲያመጣ የጎደለውን ሦስት እጥፍ የሚያህል ንብረት ማሳየት ይችላል፤ ለአብዛኛው ሌላ ዘመድ ግን አምስት እጥፍ ነው። የኔ ጉድለት 6,150 ስለሆነ ሦስት እጥፉ 18,450 ዶላር መጣ።

የወዳጆቼ ጉባኤ ሰፈራችን ካፌ ተቀመጠ። አንዱ «መኪናህን አስመዝግባታ» አለ። የስፖንሰር ቅጹ ግን መኪና የሚቆጥረው ሌላ የሚሠራ መኪና ካለህ ብቻ ነው፤ እኔ ያለችኝ አንዲት ካምሪ ናት፤ እሷም ስትነዳ ነው ያደኸየችኝ። ሌላው «እቁብህን ቀድመህ ብላ» አለ። አሥር ሺህ ዶላር በአንድ ቀን ባንክ ሲገባ ከየት መጣ መባሉ አይቀርም፤ ደግሞም ቀድሞ የተበላ እቁብ ዕዳ እንጂ ሀብት አይደለም። ይህን ስናገር የእቁቡ ዳኛ እዚያው ተቀምጠው ኖሮ ፊታቸው ተለዋወጠ።

የመጪው ሰው ንብረትም ይቆጠራል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ተሸጦ ገንዘብ የሚሆን ከሆነ። ሚስቴ ቦሌ አራብሳ በዕጣ የደረሳት ኮንዶሚኒየም አላት፤ ግን አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ አይፈቀድም። ባንክ ያጠራቀመችው ብርም ነበራት። በሐምሌ 2024 መጨረሻ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀውና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያ ብር በዶላር ሲመነዘር ወደ ግማሽ ወረደ። «ተወው፣ አታስላው» አለችኝ። ሒሳብ ሠራተኛ አታስላው ስትል ነገሩ ከሽፏል ማለት ነው።

የቀረው አብሮኝ የሚፈርም ጆይንት ስፖንሰር ነው፤ ሲትዝን ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ አሜሪካ የሚኖር፣ ዕድሜው 18 የሞላ ሰው። ዘመድ መሆን የለበትም። ግን የኔን 19,400 ከሱ ጋር መደመር አይቻልም፤ ብቻውን ማለፍ አለበት።

የአጎቴ ልጅ ነርስ ነው። አፌን ሳልከፍት «እፈርማለሁ» አለ። ቆጠርነው፤ እሱና ሚስቱ፣ አራት ልጆች፣ ቀደም ሲል ስፖንሰር ሆኖ ያመጣት እናቱ፣ አሁን ደግሞ የኔዋ። ስምንት ሰው። ለስምንት ሰው 65,900 ዶላር ይጠይቃል፤ የሱ ደመወዝ በትንሹ ጎደለ። «ከልጆቹ አንዱን ብንደብቀውስ» ብዬ ብቀልድ ሚስቱ አልሳቀችም።

ቀጥሎ ሰርግ ላይ ሙሽራ ሲሸልሙ እጃቸው የማይሰስት አንድ ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። «ምን ችግር አለ የኔ ልጅ!» አሉ። የታክስ ወረቀታቸው ሲመጣ ከኔም የባሱ ድሃ ሆነው ተገኙ። እሳቸውም አፈሩ፣ እኔም አፈርኩ። የሻዩን ሒሳብ እኔ ከፈልኩ፤ በወረቀቱ መሠረት እኔ እሻል ነበርና።

ሦስተኛው ጓደኛዬ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥሩ ደመወዝ አለው፤ ሊፈርምም ብዕር አንስቶ ነበር። ሚስቱ ግን ወረቀቱን አንብባው መጣች። ሙሉውን። ስፖንሰር ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሐበሻ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

«ብትፋቱስ?» አለችኝ።

«ምነው ገና ሳትመጣ!»

«ብትፋቱም ግዴታው አይወርድም ይላል።»

ይላል። ግዴታው የሚወርደው መጪዋ ሲትዝን ስትሆን፣ ወይም 40 ሩብ ዓመት የሥራ ክሬዲት ሲሞላላት (ባጭሩ ወደ አሥር ዓመት ነው)፣ ወይም አገሩን ለቃ ስትሄድ፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ነው። እስከዚያ የድሃ ድጎማ ብትቀበል የሰጣት መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ከፈረመው ሰው መጠየቅ ይችላል፤ እሷ ራሷም ልትከሰው ትችላለች። ወረቀቱን ጥርስ ያበቀለለት በ1996 ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ነው። «አንተን አምንሃለሁ ወንድሜ፤ ፍቅራችሁ ላይ ግን አልፈርምም» አለችና ብዕሩን ከባሏ እጅ ወሰደችው።

በጊዜው ተቀየምኩ። አሁን ሳስበው ግን ልክ ነበረች። እኛ ፊርማ የምንጠይቀው ጎረቤት ጨው እንደሚጠየቅ ነው፤ እምቢ ያለን ደግሞ በዕድሩ ሁሉ ስሙን እናነሳለን። ገንዘብ አበድረኝ ብል ይሻል ነበር፤ ብድር ቢያንስ መጠኑ ይታወቃል።

ከካፌው ጉባኤ መካከል ጋሼ የምንላቸው ሰው ዲሲ መሐል ከተማ አንድ ሕንፃ ሥር ፓርኪንግ ይሠራሉ። አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ካፌው ውስጥ ብዙ ጊዜ ቡናቸውን የምከፍለው እኔ ስለነበርኩ ስፖንሰር ሲባል እሳቸው ትዝ አላሉኝም። አንድ እሑድ ጉባኤው ሲነታረክ ቆይተው «የኔ ደብሊው ቱ አይሆንም?» አሉ፤ አሠሪ በየዓመቱ የሚሰጠውን የደመወዝ ወረቀት ማለታቸው ነው።

ቤታቸው ሄድን። ከአልጋው ሥር ፌስታል አወጡ። የየዓመቱ ደብሊው ቱ በላስቲክ ታስሮ በተርታ ተቀምጧል፤ ጠርዙ እንኳ አልታጠፈም። የመጨረሻው 41,000 ዶላር ይላል። ማይሌጅ የለበት፣ ወጪ የለበት፤ ደመወዝ ነዋ! ቤተሰባቸው አንድ ሰው ነው፤ ሚስቴ ስትጨመር ሁለት። 25,550ን ዘለው አለፉት። በወረቀት ከነጋዴው ይልቅ ሀብታም እሳቸው ነበሩ።

የዚያ ጓደኛዬ ሚስት ያነበበችውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሳልነግራቸው ባስፈርም ነውር ነበር። ጸጥ ብለው ሰሙኝና «ልጅቷ ሥራ ትወዳለች?» አሉ።

«በጣም ነው የምትወደው ጋሼ።»

«በል አምጣው። ብትጣሉ ግን ለሽምግልና እኔ ዘንድ እንዳትመጡ፤ እኔ ባለጉዳይ ነኝ።»

ለሰነዱ ምርመራ 120፣ ለቪዛው 325 ዶላር ተከፈለ። ተራ ጥበቃው ረጅም ነው፤ አላወራውም። ግንቦት 2025 ላይ ሚስቴ መስኮቱ ፊት ቆመች። ቆንስሉ ስለ ሰርጋችን ትንሽ ጠይቆ ወደ ወረቀቱ ገባ። ስለ ጋሼ «እኚህ ሰው ምንሽ ናቸው?» ሲላት «የባለቤቴ ወዳጅ ናቸው፤ ሥራ ትወጃለሽ ወይ ብለው በቪዲዮ ጠይቀውኛል» አለች። ከዚያ የኔን ታክስ አገላበጠና «የባለቤትሽ ገቢ ለምንድን ነው ያነሰው?» አላት።

«ብዙ ስለሚነዳ» አለችው።

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። እሷም 65 ሳንቲም ተኩሉን በ40,000 አባዝታ በአማርኛ አስረዳችው፤ አስተርጓሚው ላቡን ጠረገ። ፓስፖርቷን ያዙት።

አሁን እዚህ ናት፤ ደብሊው ቱ ባለው ሥራ ላይ። የሲትዝን ሚስት በሦስት ዓመት ሲትዝን መሆን ስለምትችል ጋሼ የቀን መቁጠሪያቸው ላይ 2028ን በቀይ ጽፈውታል፤ ቡና ላይ በተገናኘን ቁጥር «ተስማምታችኋል?» ይሉናል። የማይሌጁ ተመን በ2025 ወደ 70 ሳንቲም ከፍ ስላለ እኔ በወረቀት ከበፊቱም ደኽይቻለሁ፤ ስፖንሰር ሁነን የምትሉኝ ወዳጆቼ ከወዲሁ እወቁልኝ። ብቻችሁን የምትኖሩ፣ ደብሊው ቱ የምትቀበሉ ወገኖች ግን ካላችሁ፣ የሚፈልጋችሁ ሰው ብዙ ነው፤ ስትፈርሙ ገጹን በሙሉ አንብባችሁ ፈርሙ።