ስንቅ የማይጠይቅ ሠራዊት

በቀድሞው ዘመን ስሙ እንዲጠራና ነጋሪቱ እንዲፈራ የሚሻ መኰንን ጭፍራ ማብዛት ግዴታው ስለ ነበረ፣ ጭፍራውም እንደ ማንኛውም ፍጡር የሚበላ፣ የሚታመም፣ ድርጎው ሲዘገይም የሚያጉረመርም ስለ ሆነ፣ የሹመት ክብርና የጎተራ ጭንቀት ተለያይተው አያውቁም ነበር። የዛጔ ነገሥታት ዘር በመሆናቸው በብር ዙፋን ለመቀመጥ የታደሉት የዋግ ገዢዎች፣ ዋግሹሞቻችን፣ እንኳ ከሰቆጣ ተነሥተው ሊዘምቱ ሲያስቡ፣ ድርቅ በሚደጋግመው በዚያ አገር ሠራዊቱ የሚበላውን ሳያሰናዱ መንቀሳቀስ አይሆንላቸውም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገንና የእኛ ዘመን ከዚህ ጣጣ ተገላግሏል። ዛሬ አዲስ አበባም ይኑር ዋሽንግተን፣ የባንክ ካርድ ያለው ጎልማሳ ሁሉ ስንቅ የማይጠይቅ፣ ግዳይ የማይቈጥር፣ ቁመቱም ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ ሠራዊት በመስታወት ቁምሣጥን ውስጥ አሰልፎ፣ ሱፐርማንን በቀኝ፣ ባትማንን በግራ፣ ስፓይደርማንን በደጀንነት አቁሞ፣ ምሽት ምሽት መብራት እያበራ ሊጎበኘው ይችላል።

ነገሩ እንግዳ ለሆነበት አንባቢ ጥቂት ላብራራ። እ.ኤ.አ. በ2002 ዊዝኪድስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሂሮክሊክስ የሚባል የጠረጴዛ ጨዋታ አወጣ። እያንዳንዱ የፕላስቲክ ልዕለ ኃያል ከእግሩ በታች የሚሽከረከር ክብ መቆሚያ አለው፤ በተመታ ቍጥር መቆሚያው «ቀጭ» እያለ ይዞርና የፍጥነቱ፣ የጥቃቱ፣ የመከላከያውና የጉዳቱ አኃዝ በአንዲት ትንሽ መስኮት ውስጥ ይለዋወጣል፤ ኃይሉ ያለቀ እንደ ሆነ ከሜዳ ይወጣል፤ ጨዋታው ሲያበቃ ደግሞ መቆሚያውን ወደ መጀመሪያው ቍጥር መልሰው እንደ ገና ጎረምሳ ያደርጉታል። ብልህ አሠራር ነው፤ ይህን የሚክድ ግፈኛ ነው። ዳሩ ግን ከጨዋታው ብልኃት የንግዱ ብልኃት ይበልጣል። አብዛኞቹ ኃያላን የሚሸጡት በታሸገ ካርቶን ስለ ሆነ፣ ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ካርቶኑን እስኪከፍት ድረስ በውስጡ ማን እንዳለ አያውቅም፤ ተራው ይበዛል፣ ብርቁ ያንሳል፣ እጅግ ብርቁ ደግሞ ከብዙ ካርቶን አንዱ ውስጥ ተሸሽጎ ይጠብቃል። ቤተ ክርስቲያናችን አእማደ ምሥጢር አምስት ናቸው ብላ ታስተምራለች፤ ይቅር ይበለኝና እነዚህ ወንድሞቻችን ስድስተኛውን፣ ምሥጢረ ካርቶንን፣ የጨመሩባት ይመስላል። ለዚህኛው ምሥጢር የሚገቡት ሱባኤም ከደብር መነኵሴ ሱባኤ አያንስም።

ከዋግ ተወላጆች የተወለደ፣ አዲስ አበባ ያደገ አንድ የዘመዴ ልጅ አለ። ከውጭ ለሚመጣ ሰው ሌላው ጫማና ስልክ ሲያዝዝ እርሱ የሚያዝዘው ካርቶን ነው። አንዱን ሲከፍት ለማየት ታድያለሁ። አስቀድሞ በመዳፉ መዘነው፤ ቀጥሎ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀው፤ ከዚያም የማሸጊያውን ጠርዝ ሳይጎዳ በምላጭ ሰንጥቆ፣ ሁለት ጣቱን ብቻ አስገብቶ፣ ጡጫውን የጨበጠ፣ ሱሪው የተቀዳደደ አረንጓዴ ሀልክ አወጣ።

«ጋሼ፣ ይኼ እንኳ ሦስተኛዬ ነው» አለኝ፣ ፊቱ ላይ ቅንጣት ሐዘን ሳይታይ።

«ታዲያ ምን ታደርገዋለህ?»

«ለልውውጥ ይሆናል።»

«ከማን ጋር ልትለዋወጥ?»

ዝም አለ። እኔም ጨክኜ «ለመሆኑ ትጫወትበታለህ?» ብዬ ጨመርሁ።

«ተጫዋች የት ይገኛል፣ ጋሼ? ደግሞ ብዙ ከተነካካ ዋጋው ይወርዳል።»

ይህን መልስ በሰማሁ ጊዜ የአባቶቻችን የጀግንነት አስተሳሰብ ምን ያህል ኋላ ቀር እንደ ነበረ ተገለጠልኝ። እነርሱ ጀግናን በጠባሳው ብዛት ሲያከብሩ፣ ጎራዴንም ደም ካልነካው እንደ ተራ ብረት ሲቈጥሩ ኖረው ነበር፤ ለካስ ፍጹሙ ጀግና ያልተነካው፣ ያልተፈተነው፣ ከተቻለም ከነካርቶኑ ያለው ኖሯል!

ሌላው የጽድቅ መንገድ ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አቶሚክ ማስ ጌምስ ባወጣው የማርቭል ክራይሲስ ፕሮቶኮል ጨዋታ ኃያላኑ የሚመጡት ተበታትነውና ቀለም ሳይነካቸው ስለ ሆነ፣ ባለቤታቸው ክንዱን ከትከሻው፣ ራሱን ከአንገቱ በማጣበቂያ አጋጥሞ፣ ጫፏ እንደ መርፌ በሾለች ብሩሽ ዐይንና ቅንድብ ይስልላቸዋል። በእውነቱ እስትንፋሱን ይዞ ከስንዴ ቅንጣት ባነሰ ፊት ላይ ብሌን የሚያኖር ሰው ባለሙያ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ቢያየው አይንቀውም። ችግሩ የፊተኛው ቀለም ሳይደርቅ ሁለተኛው ካርቶን፣ ሁለተኛው ሳይከፈት ሦስተኛው መግባቱ ነው። ያልተቀባውን ግራጫ ክምር እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው «የኀፍረት ቁልል» ይሉታል፤ ሰው ኀጢአቱን በስሙ ጠርቶ፣ ተናዝዞ፣ ወዲያው ሄዶ የሚያሳድግበት ከዚህ የተመቸ የንስሐ ሥርዓት እስካሁን አልተሰማም። በዚህ ኀፍረት ላይ የተሠራው ንግድ ግን አያፍርም፤ የዚህ ሙያ አውራ የሆነው፣ ጥቃቅን ተዋጊዎችን በኖቲንግሃም የሚያመርተው ጌምስ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ላይ በለንደን የአክሲዮን ገበያ ከ100ዎቹ ታላላቅ ኩባንያዎች ተርታ ገብቷል።

የሠራዊት ብዛት ከተነሣ ደግሞ የዋግ ሰው ዝም ሊል አይገባውም። ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በ1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ አሰም ላይ ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ ከኋለኛው ዐፄ ዮሐንስ፣ ጋር ሲገጥሙ ሠራዊታቸው 60 ሺህ ያህል እንደ ነበረ፣ የካሣ ግን ከዚያ አንድ አምስተኛ ገደማ እንደ ሆነ ይነገራል። ካሣ እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ የተዉላቸው ጠመንጃና መድፍ፣ ይህንንም መተኮስ የለመደ ወታደር ነበራቸውና ብዛቱ አልበጀም፤ ንጉሡ ተማረኩ። ሰብሳቢ ወዳጆቼ ከዚህ ታሪክ የቀሰሙት ትምህርት ግልጥ ነው፤ ተክለ ጊዮርጊስ የተሸነፉት ሠራዊታቸውን ከካርቶን ስላወጡት ነው።

እኔ ጨዋታ ጠል አይደለሁም። ጎልማሳ በአሻንጉሊት ወታደር መጫወቱም አዲስ ነውር አይደለም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 በአሻንጉሊት ወታደሮች ስለሚደረግ ጦርነት ሕግ የሚደነግግ መጽሐፍ አሳትሞ፣ በወለል ላይ ተንበርክኮ፣ በሞላ በሚተኩስ ትንሽ መድፍ የወዳጆቹን ጭፍራ ይጥል ነበር፤ ትንሹ ጦርነቱ ከትልቁ ጦርነት እንደሚሻልም ይሟገት ነበር። በዓመቱ ትልቁ ጦርነት መጣ እንጂ ክርክሩስ ክርክር ነበር። ሰውዬው ግን ቢያንስ ሱሪው ጉልበቱ ላይ አልቋል። የእኛዎቹ ከቁምሣጥኑ ፊት ቆመው አቧራ ያራግፋሉ።

«የዋግን ጀግና ለምን ከመካከላቸው አላቆምህም?» ብዬ ያንኑ የዘመዴን ልጅ ብጠይቀው ማንን ማለቴ እንደ ሆነ አላወቀም። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደን ማለቴ ነበር፤ እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1937 በጣልያን ላይ ተነሥተው ተዋግተው ወደቁ፤ ጠላትም ራሳቸውን ቆርጦ ለሕዝብ መቀጣጫ አሳየው። በቁምሣጥኑ ውስጥ ስፍራ ማጣታቸው ያስቈጣል ቢባልም ምክንያቱ ፍትሐዊ ነው፤ እሳቸው ሲመቱ ከእግራቸው በታች ወደ መጀመሪያው ቍጥር የሚመለስ መቆሚያ አልነበራቸውም። በልቦለድ እንኳ ቢሆን አገርኛውን ብንሻ፣ ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ጀምበር የተባለውን ኢትዮጵያዊ ልዕለ ኃያል በአማርኛና በእንግሊዝኛ በሥዕላዊ መጽሔት አውጥቶልናል። ልጁ ሰምቶታል። «ገበያው ገና ነው» አለኝ።

አሁን ገበያ የማይነካውን ጨዋታ ለማየት ወደ ዝቋላ እንውረድ፤ ዝቋላ ስል ጽጽቃን ከተማው ያደረገውን የዋግን ወረዳ ማለቴ ነው እንጂ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የጸለዩበትን የሸዋውን ተራራ አይደለም። በዚያ ቆላ ፍየል የሚጠብቁ ሁለት ልጆች ጥላ ሲያገኙ አፈሩን በጣታቸው ቈፍረው፣ ጉድጓዱን በረድፍ በረድፍ ደርድረው፣ ጠጠር ለቅመው ገበጣ ይጀምራሉ፤ አንዱ ይዘራል፣ አንዱ ይቈጥራል፣ በመካከሉ ፍየሏ ማሳ ትገባና ጨዋታው በጩኸት ይበተናል። ሲነሡ ጠጠሩን እዚያው ጥለውት ይሄዳሉ፤ ዋጋው ስለማይወርድ። የመኳንንቱ ጨዋታ ሰንጠረዥም ቢሆን እንዲሁ ችኩል ነበር፤ መክፈቻው ወረራ ይባላልና የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እኩል እጃቸውን እየሰደዱ፣ ጠጠራቸውን በጨርቁ ላይ ያንቀሳቅሱ ነበር። ንጉሡ፣ ፈረሱ፣ ፊሉ ሁሉ ይነካ ነበር፤ ያውም በብዙ እጅ፣ ያውም ጠጅ በነካው እጅ። እንዲህ ያለው ብልግና በመስታወት ቁምሣጥን ባለቤቶች ፊት ቢፈጸም ስንቱ ራሱን ስቶ በወደቀ ነበር!

እንግዲህ የታሸገ ካርቶን በቤትህ ያለህ ወንድሜ፣ መቼም ዘመቻ ልትወጣ አይደለምና አንድ ነገር ልለምንህ። ከሰፈርህ ሁለት ልጆች ጥራ፤ ምላጩን አንሣ፤ ካርቶኑን ሁሉ ቅደድና ኃያላኑን በምግብ ጠረጴዛው ላይ አፍስሳቸው። ልጆቹ ክንድ ይሰብራሉ፤ አንዱን ኃያል ውሻ ይወስደዋል፤ ሀልክና ባትማን በአንድ ወገን ተሰልፈው ሕጉ ይፈርሳል። አንተም ተቀመጥና ተጫወት፤ ዋጋው ይውረድ።