የማራዘም ጥበብ

የከተማ ዳርቻ ባቡርን ማራዘም የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት አባላት ከሚያከናውኗቸው ሥራዎች ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ ነው። «ማራዘም» ሁለት ፍች አለው፦ ሐዲዱን መቀጠልና ቀኑን መግፋት። ሁለተኛው በጀት አይጠይቅም።

ለአብነት የማሳቹሴትስ ደቡባዊ ጠረፍ ይጠቀሳል። ከቦስተን እስከ ፎል ሪቨርና ኒው ቤድፎርድ ይደርስ የነበረው የመንገደኛ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ቆመ። ከ1990ዎቹ ወዲህ እሱን መመለስ የምርጫ ሰሞን ስንቅ ሆነ፤ ገዥዎች ተፈራረቁ፣ ጥናት በጥናት ላይ ተደረበ።

የሥራው ሥርዓት የታወቀ ነው። መጀመሪያ ጥናት ይጠየቃል። ቀጥሎ በቦንድ ሕግ ገንዘብ ይፈቀዳል፤ መፍቀድ ግን መክፈል አይደለም። ከዚያ የመስመሩ ክርክር ይመጣል፤ በሆኮሞክ ረግረግ ሊያልፍ የታሰበው ባቡር በመጀመሪያው ምዕራፍ በሚድልቦሮ በኩል ዞረ።

አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2025 ተጀመረ፤ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ። ባቡሩ ቦስተን ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃዋል፤ ለመነሳት ግን ከ65 ዓመት በላይ ወስዶበታል። ቀስ በቀስ በእግሯ የምትሄደው እንቁላል ሳትቀድመው አልቀረችም። በረግረጉ በኩል የታለመው ሁለተኛ ምዕራፍ ለመጪዎቹ ተመራጮች በውርስ ተላልፏል።