የአባ ዳኘው ችሎት

ምኒልክ አደባባይ ላይ የመጨረሻው ታክሲ ከሄደ በኋላ የነሐሱ ፈረስ አባ ዳኘው ያስችላል። በ1923 ዓ.ም. እዚያው ቆሞ፣ ጣሊያን ከነጌታው ነቅሎ ቀብሮት፣ ተመልሶ የተተከለ ነውና ብዙ አይቷል።

ያን ሌሊት ተከሳሹ ቡቺ ነበር፤ የጊዮርጊስ ደወል በተደወለ ቁጥር «ስሜን ጠሩኝ» እያለ የሚያላዝነው ውሻ። የአውራ ዶሮ አንገት ሰብሯል።

«በላ ልበልሃ!» አለችው ዶሮዋ። «ባሌ ጮኸ እንጂ ምን በደለህ?»

«ዶሮ አላየሁም፤ ሊገድለኝ የመጣ ነበር። ደወሉ ነግሮኛል።»

ርግቦች ለምስክርነት ቀረቡ። ዓመቱን ሙሉ እንደ ደወል እየጮኹ ሲያስለፈልፉት የከረሙት እነሱ ናቸው። አሁን ግን «ተንኮሉ ነው እንጂ ጤነኛ ነው!» ብለው ማሉ። ሲስቁበት እብድ፣ ሊያስቀጡት ሲሹ ብልህ። ይህ የርግብ ጠባይ ብቻ በሆነና በተገላገልን!

አያ ጅቦም ከእንጦጦ ወርዶ፣ «እብድ የሚማር ከሆነማ እኔም ትናንት በጉን የበላሁት ጠላ አናቴ ላይ ወጥቶ ነው» አለ።

«በጉን ልትበላ ቆርጠህ፣ ለመድፈር የጠጣኸው ጠላ አያድንህም» አለው ፈረሱ።

እመት ጉጉት በባለሙያነት ተጠየቀች። «ሕመሙ የጸና ነው፤ ያን ጊዜ የሚሠራውን አያውቅም ነበር። ስለዚህ ነፃ ይውጣ።»

«ሕመሙን ነግረሽኛል፤ ፍርዱን ለእኔ ተይው» አላት። ቀጠለና፣ «በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 የሚጠየቀው እብድ መባሉ አይደለም። ድርጊቱን ሲፈጽም በሕመሙ የተነሣ የሚሠራውን መረዳት ወይም ራሱን መግታት ተስኖት ነበር ወይ ነው። ተስኖታል፤ አይቀጣም። ግን ወደ አደባባዩም አይመለስም። አማኑኤል ሆስፒታል ገብቶ ይታከም፤ ችሎቱ በየሁለት ዓመቱ ጉዳዩን መልሶ ያያል።»

የዶሮዋ ላባ ቆመ። «የእኔ ባል ጉዳይስ በየስንት ዓመቱ ይታያል፣ ጌታዬ?»

አባ ዳኘው መልስ አጣ። ጥቂት ቆይቶ፣ «ማን ያድርሰው?» አለ።

ርግቦች ወደ ጊዮርጊስ ጣሪያ በረሩ። አህያ ጭነት አለብኝ አለች። አያ ጅቦ «እኔ ላድርሰው» አለ፤ ሰሚ አላገኘም።

«እኔ አደርሰዋለሁ» አለች ዶሮዋ። «ዓምና ከመካከላችን የወሰደው ቢኖር ባሌ ዛሬም ይጮህ ነበር። ሲገባ በዓይኔ ካላየሁ አላምናችሁም።»